ምክንያት ይምረጡ

«ታሪኩን ጻፊ ነው ያልኩሽ፤ ድገሚው አላልኩሽም!»

«ማን ደገመው? አንድ ጠዋት ልቀመጥ ነው ያልኩህ።»

«ጨንቻ ድረስ ሄደሽ? ለመቀመጥ? እዚህ ምድር ቤት ስንት ወንበር ተገልብጦ አለ መሰለሽ!»

«እዚህ ምድር ቤት ቢጫ መብራት የለም፣ ኢዮስያስ።»

ኢዮስያስ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። መዝጋቱ ትርፍ አልነበረውም። በኮሪደሩ ያሉት የቁጥጥር ቤቱ ሠራተኞች ከጠዋት ጀምሮ ሲያዳምጧቸው ቆይተዋል፤ ሌላ የሚያዳምጡት ነገርም አልነበራቸውም። የአገሪቱን ባንኮች በሙሉ የሚቆጣጠረው ተመልካቹ የሚባለው ማሽን ነው። ተመልካቹ አይተኛም፣ አይታመምም፣ የመስክ አበል አይጠይቅም። የሠራተኞቹ ሥራ እንግዳ መቀበል፣ ከየባንኩ በር በላይ የሚሰቀሉትን መብራቶች መስታወት ማስቀየር፣ በዚህ ሳምንት ደግሞ የቅዳሜውን በዓል ማሰናዳት ነበር። በዓሉ የመጨረሻው ሰው ተቆጣጣሪ ጡረታ የወጣበት ሠላሳኛ ዓመት መታሰቢያ ነው። ለበዓሉ አንድ መጽሐፍ ይመረቃል፤ የባንክ ቁጥጥር ታሪክ። የምትጽፈው ራኬብ ናት፤ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪ፣ የኢዮስያስ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ፣ አሁን ደግሞ የበታች ሠራተኛው። የቀራት አንድ ምዕራፍ ብቻ ነበር።

«ምዕራፉ እንዴት እንደሚያልቅ ተስማምተናል» አለ ኢዮስያስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «‹ከዚያ ወዲህ ሰው መላክ አላስፈለገም።› አለቀ። አንድ ዓረፍተ ነገር። ጻፊያትና ምሳ ልጋብዝሽ።»

«እውነት መሆኗን ሳላውቅ?»

«በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ባንክ አልወደቀም፣ ራኬብ።»

«አልወደቀም። ስንት ተዘጋ?»

ኢዮስያስ ወደ ወንበሩ ተመልሶ ተቀመጠ። የተዘጉት ሁሉ ትናንሽ ባንኮች ነበሩ፤ የዓሣ አስጋሪዎች፣ የማር ነጋዴዎች፣ የሸክላ ሠሪዎች። መብራቱ ቢጫ የሆነበት ባንክ ምክንያቱን ይጠየቃል። ምክንያቱ ተመልካቹን ካላረካው በሳምንቱ በሩ ይታሸጋል፤ ደንበኞቹም ወደ ትልልቆቹ ባንኮች እንዲዛወሩ ይነገራቸዋል። ትልልቆቹ ባንኮች ገቢውና ወጪው የማይዋዥቅ ሰው ይቀበላሉ። አንድ ወር ሸጦ ሁለት ወር የሚቀመጥ ሸማኔ ግን መብራታቸውን ስለሚያውክባቸው በትሕትና ይመልሱታል።

«የጨንቻው የሸማኔዎች ባንክ ዐርብ ቀትር ላይ ይታሸጋል» አለች። «አንድ ጠዋት ሙሉ ከተማው መጥቶ ገንዘቡን አወጣ። ሥራ አስኪያጁ ለምን ሲባል ምን ብሎ መለሰ?»

«‹ሌላ› አለ።»

«ይኸው።»

«‹ሌላ› ብሎ የሚመልስ ሰው ወይ ሌባ ነው፣ ወይ...»

«ወይ?»

«ወይ ጨንቻ ነው የሚኖረው! እኔ ምን ላድርግልሽ?»

ራኬብ ዓይኗን በጠረጴዛው ጥግ ወዳለችው ትንሽ ነጭ የመጫኛ ቁልፍ ላከች። ቁልፏ ላይ «ይቆይ» የሚል ተጽፎባታል። ሕጉ የቁጥጥር ቤቱ ኃላፊ እሽግን በአንድ ቀን እንዲያዘገይ ይፈቅድለታል፤ የሚያዘገየው ሰው ግን ስሙ ከባንኩ መብራት ሥር ይጻፋል፤ ባንኩ ከወደቀ አብሮ ይወድቃል። ከኢዮስያስ በፊት የነበሩት ኃላፊዎች አልነኳትም። ጽዳት የምትሠራው ሴት እንኳ ዙሪያዋን ነው የምታብሰው።

«እሷን አትዪብኝ» አለ ኢዮስያስ።

«አላየኋትም።»

«ሁለት ቀን ዕረፍት ውሰጂ። የግልሽ ነው። ጉዞሽን ስትጠየቂ ‹ሥራ› እንዳትዪ። ቁጥጥር ቤቱ አልላከሽም። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ» አለች ራኬብ፤ ምሳ ዕቃዋን ከመሳቢያው አወጣች።

ምሳ ዕቃው የድሮዎቹ ተቆጣጣሪዎች ልማድ ነበር። ለሁለት ዓመት የተቀዳ ድምፃቸውን ስታዳምጥ ከርማለች። ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጡ ነበር። የመጡበት ባንክ ሻይ እንኳ አይጠጡም፤ ምሳቸውን ይዘው ይሄዳሉ። የመጀመሪያውን ጠዋት ምንም ወረቀት አይጠይቁም። ከደንበኞች ጋር አግዳሚው ላይ ይቀመጡና ያያሉ፤ ማን ቀድሞ ተስተናገደ፣ ማን ቆሞ ቀረ፣ ሥራ አስኪያጁ ብቅ ሲል ገንዘብ ከፋዩ ፊቱን ወዴት አዞረ። ከተቀዱት ድምፆች አንዱ፣ ሳል የሚያቋርጠው የሽማግሌ ድምፅ፣ እየሳቀ እንዲህ ይላል፦ «ስንገባ የማይደነግጥ የለም። ስንወጣ ግን የሸኘን ባንክ አላስታውስም።»

በማግስቱ ማለዳ ራኬብ እንደ ወትሮው ሁለት ዳቦ ገዛች። ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ሁለት ዳቦ የመግዛት ልማዷ ግን እናቷ በሕይወት ሳሉ የተጀመረ ነው። ድንገት አንድ ብታደርገው ባንኳ ይጠይቃታል። «ሁለት ዳቦ፣ ስድሳ ብር፣ ተከፍሏል» አለ የእጇ አምባር ጮክ ብሎ፤ በወረፋው ላይ ያሉትም የየራሳቸው አምባር ሽንኩርታቸውንና ሳሙናቸውን ይናገርላቸው ነበር። ሁለተኛውን ዳቦ እንደ ሁልጊዜው ለግቢው ጥበቃ ሰጠችው። ጎረቤቷ ማርሲላስ ሕፃን አዝላ ሳይሆን ዳይፐር አዝላ ስትመለስ ደረጃው ላይ ተገናኙ። ልጇ አንደኛ ክፍል ገብቷል።

«አሁንም ነው?» አለቻት ራኬብ።

«በወር አንድ እሽግ እየቀነስኩ ነው» አለች ማርሲላስ። «እስከ ፋሲካ እወጣለሁ።»

በአውሮፕላን ማረፊያው የአርባ ምንጭ ቲኬት ስትቆርጥ አምባሩ ነዘራት።

«ያልተለመደ ጉዞ። ምክንያት ይምረጡ። ሕመም። ሥራ። ትምህርት። ሠርግ። ሌላ።»

ራኬብ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች። «ሠርግ» አለች።

«መልካም ድግስ» አለ አምባሩ።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚያወጣው መኪና ዳገቱን ሲጨርስ ደመና ውስጥ ገባ። የፖም ዛፎቹ፣ የቀርከሃ አጥሮቹ፣ በየደጁ ተሰቅሎ የሚደርቀው ድርና ማግ ሁሉ እርጥብ ነበር። የሸማኔዎች ባንክ ከገበያው ጥግ ያለ አንድ ክፍል ቤት ነው። ከበሩ በላይ ያለው ቢጫ መብራት በጉሙ ውስጥ ከሩቅ ይታያል። ከፊቱ የሚጋፋ ሰው አለመኖሩን ስታይ ራኬብ ተገረመች። ባንካቸው ነገ ሊታሸግ የሆነ ሰዎች ተሰልፈው ታገኛለች ብላ ነበር የመጣችው።

ውስጥ አንድ አግዳሚ፣ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ኋላ ዲቦራ የምትባል ገንዘብ ከፋይ፣ ከእሷ ኋላ ደግሞ ጢሙን ያልተላጨ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ።

«ምን እንታዘዝ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ራኬብ እባላለሁ። ከቁጥጥር ቤት ነኝ። ግን አልተላክሁም። ፈቃድዎ ከሆነ እዚህ አግዳሚ ላይ ልቀመጥ ነበር።»

«ከቁጥጥር ቤት?» አለች ዲቦራ። «ሰው?»

«ሰው ነኝ።»

ዲቦራ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «አማኖ፣ ሰው አላቸው እንዴ?»

አማኖ ለጥቂት ጊዜ ራኬብን ከነምሳ ዕቃዋ ተመለከታት። «ተቀመጪ» አለ በመጨረሻ። «አግዳሚ ላይ መቀመጥ ማን ይከለክላል? ሻይ ይምጣልሽ?»

«አመሰግናለሁ፣ አልጠጣም።»

«ምሳስ?»

«ይዣለሁ።»

«ከአዲስ አበባ ምሳ ይዘሽ መጣሽ» አለ አማኖ፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እያነሳ። ወደ ሥራውም ተመለሰ።

ተቀመጠች። ሰዎች ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ይገባሉ። ወደ መስኮቱ የሚጠጋ የለም። አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፣ ትንፋሽ ይስባሉ፣ ስለ አንዲት ሴት ያወራሉ። እማማ ሶስና ትባላለች። ባለፈው ዐርብ ነው ያረፈችው። ድሮ ትልልቆቹ ባንኮች ሸማኔ አንቀበልም ያሉ ጊዜ ከቤት ቤት እየዞረች፣ መወርወሪያቸውን ከእጃቸው እያስጣለች፣ አባል ያደረገቻቸው እሷ ናት። አንዱ «እኔን ከሽመና ጉድጓዴ ጎትታ ነው ያወጣችኝ» ይላል፤ ሌላዋ «ባሌ እንቢ ቢል እሱን ትታ እኔን አስመዘገበች» ትላለች፤ ይስቃሉ፤ መለስ ብለው ደግሞ ዓይናቸውን ያብሳሉ። ወደ መብራቱ የሚያይ የለም። ራኬብ በተቀዱት ድምፆች ውስጥ ስለ ተደናገጡ አስቀማጮች ብዙ ሰምታለች፤ የተደናገጠ ሰው እንዲህ አያወራም፤ ያፈጥናል፣ ከጎኑ ያለውን በክርኑ ይገፋል፣ የመስኮቱን እጅ እንጂ የጎረቤቱን ፊት አያይም። እነዚህ ሰዎች ባንኩ ውስጥ የሚቀመጡት ከለቅሶው ድንኳን ወጥተው እግራቸውን ሊያሳርፉ ነው።

ታዲያ ገንዘባቸውን ለምን አወጡ? መጠየቅ አማራት፤ ግን የመጀመሪያው ጠዋት አልተጠናቀቀም።

የጠየቃት ሌላ ሰው ሆነ። ጋሽ ሻንቆ ይባላሉ፤ ሸማኔ ናቸው፤ የዕድሩ ዳኛም ናቸው። ከአጠገቧ ሲቀመጡ ጋቢያቸው የጭስ ሽታ ነበረው።

«ልጄ፣ ከየት ነው?»

«ከአዲስ አበባ።»

«እዚህ የተቀመጥሽው ተራ እየጠበቅሽ ነው?»

«አይደለም፤ እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ!» አሉ ሽማግሌው። «ድንኳኑ ከባንኩ ጀርባ ነው። እኛ አገር መጥቶ ለቅሶ ቤት በዳር የሚያልፍ የለም። ነይ፣ ተነሺ።»

ራኬብ ተነሣች። እምቢ ማለት የሚቻል ነገር አልነበረም።

ከድንኳኑ መግቢያ ረጅም ቀርከሃ በሁለት ባላ ላይ ተጋድሟል። ቀርከሃው ላይ ቁጥር ስፍር የሌለው አምባር ተንጠልጥሏል፤ ሁሉም ዝም ያለ። ጋሽ ሻንቆ የራሳቸውን አውልቀው ሰቀሉ።

«እዚህ አውልቂው። ከሟች ፊት ማን ስንት ሰጠ ተብሎ አይጮኽም።»

«ታዲያ በምን ትሰጣላችሁ?» አለች ራኬብ።

ሽማግሌው በአገጫቸው አሳዩዋት። በድንኳኑ መካከል፣ ከፍራሹ ጎን፣ ክዳኑ የጠበቀ ትልቅ ሙዳይ ተቀምጧል። አንዲት ሴት ገባች፤ ከመቀነቷ ያረጀ የወረቀት ብር አወጣች፤ ክዳኑን ጥቂት ከፍታ ከተተችና መልሳ ገጠመችው። ማንም አላያትም፤ ላለማየት ሁሉም ወደ መሬት አቀርቅሮ ነበር። ራኬብ የወረቀት ብር ካየች ዓመታት አልፈዋል። ለአፍታ ያን ጠዋት አሰበች፤ ተመልካቹ የባንክ ድንጋጤ ብሎ የመዘገበውን ጠዋት። ከተማው በሙሉ ወረቀት ፍለጋ የወጣው ለዚህች ሙዳይ ነበር።

እጇ ባዶ መሆኑ ትዝ ያላት ከዚያ በኋላ ነው። ባዶ እጇን ይዛ ወደ ፍራሹ መጠጋት አልቻለችም። «መጣሁ» ብላ አምባሯን ሳትሰቅል ወደ ባንኩ ተመለሰች።

«ወረቀት ብር ማውጣት ፈልጌ ነበር» አለቻት ዲቦራን።

ዲቦራ አማኖን አየችው። አማኖ ቀና አለ። በአግዳሚው ላይ የነበሩት ሰዎች ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ራኬብ አምባሯን ወደ መስኮቱ አስጠጋች።

«ያልተለመደ ወጪ» አለ አምባሩ፤ ድምፁ በጠባቡ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ተላተመ። «ምክንያት ይምረጡ። ሕመም። ሥራ። ትምህርት። ሠርግ። ሌላ።»

አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ ዛሬ ማለዳ ብላዋለች፤ ዕድሜ ልኳን ስትለው ኖራለች። ብትለው ደግሞ አምባሩ ምን እንደሚመልስ ታውቃለች። ከአግዳሚው ላይ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ያዩዋታል። የድንኳኑ ሸራ ከግድግዳው ባሻገር ነው።

«ሌላ» አለች ራኬብ።

«ተመዝግቧል» አለ አምባሩ፤ ጠርዙም ቢጫ ሆነ።

አማኖ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ መጣ። ብሩን ራሱ ሰጣት።

«እኔን የጠየቀኝ ሬሳው ከቤት ሲወጣ ነው» አለ። «ከፊት ተሸክሜ ነበር። አምባሬን ማውለቅ ነበረብኝ፤ ረሳሁት። ምክንያት ምረጥ አለኝ፤ ሁሉም ሰው ይሰማል። ምን ልበለው? ሠርግ?»

«አይባልም።»

«በእርግጥ አይባልም። በኋላ ላስተካክለው ስል ደግሞ መልስ አንድ ጊዜ ነው የሚቀበለው።»

«ብሩ ወደ ባንኩ የሚመለሰው መቼ ነው?»

«ሙዳዩ የሚከፈተው ፍራሹ ሲነሣ ነው። ለእማማ ሶስና ሰባት ቀን ይተኛል ተብሏል፤ ነገ ከሰዓት ይነሣል። ከዚያ ሁሉም እዚህ ነው የሚገባው፤ ለልጅ ልጆቿ።»

«የሚታሸገው ነገ ቀትር ላይ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ጋሽ ሻንቆን ቢጠይቋቸውስ? ጠዋት እንዲነሣ?»

አማኖ ፊቱን አጠቆረ። «ምን ብዬ? ብር ቸግሮኛልና የእማማ ሶስናን ፍራሽ ቶሎ አንሡልኝ? ይታሸግ እንጂ እሱን አልልም። እነሱም እንዳይጨነቁ አልነገርኳቸውም። መብራቱን ሲጠይቁኝ ብልሽት ነው አልኳቸው።»

ራኬብ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። አምባሯን ቀርከሃው ላይ ሰቀለች፤ ብሩን ከሙዳዩ ከተተች፤ ፍራሹ ዳር ተቀመጠች። ንፍሮ በሰፌድ ሲዞር ጋሽ ሻንቆ በእፍኛቸው ዘግነው መዳፏ ላይ አደረጉላት። ምሳ ዕቃዋ ባንኩ ውስጥ ቀርቷል። ንፍሮዋን በላች።

ዐርብ ጠዋት ጉሙ አልተነሣም ነበር። ራኬብ ከገበያው ባሻገር ከአንድ የፖም ዛፍ ሥር ቆማ ለኢዮስያስ ደወለች።

«ሠርጉ እንዴት ነው?» አለ ኢዮስያስ። ከኋላው ለበዓሉ ወንበር የሚደረድሩ ሰዎች ድምፅ ይሰማል።

«ቁልፏን ተጫናት።»

«እንደምን አደርክ ይቀድማል።»

«እንደምን አደርክ። ቁልፏን ተጫናት። ለቅሶ ነው፣ ኢዮስያስ። ለመስጠት ነው ያወጡት፤ በአምባር ለቅሶ አይሰጡም። ገንዘቡ ሙዳይ ውስጥ ነው፤ ከባንኩ ግድግዳ ጀርባ። ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። አንድ ቀን ነው የሚያስፈልጋቸው፤ አንድ ቀንም አይሞላ።»

«ሙዳዩን ከፍተሽ ቆጥረሻል?»

«አይከፈትም።»

«አልቆጠርሽም። ማስረጃሽ ታዲያ ምንድን ነው? ጠዋት ላይ ቁጭ ብዬ አየሁ ነው? ‹የሰው ዓይን ያደላል› ብለሽ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የጻፍሽው አንቺ ነሽ።»

«ጽፌአለሁ፤ ያደላልም። የእኔን ወጪ ክፈተው። ትናንት ከዚህ ባንክ ብር አውጥቻለሁ።»

መዝገቡን ሲከፍት ይሰማል። ከዚያ የኢዮስያስ ድምፅ ከበፊቱ ቀዝቅዞ መጣ። «ራኬብ። ‹ሌላ› ብለሻል። አብደሻል? ሰኞ ባንክሽ ያስወጣሻል እኮ!»

«ምን ልበል ነበር? ዝርዝሩን አንብብልኝ።»

«ታውቂዋለሽ።»

«አንብብልኝ።»

«ሕመም» አለ ኢዮስያስ። «ሥራ። ትምህርት። ሠርግ...»

«አምና እናትህ ያረፉ ጊዜ እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ?»

ራኬብ መልሱን አልጠበቀችም።

«‹ሠርግ› አልኩ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ‹ሠርግ› አለ። አንድም ሳይቀር አምባራችን ‹መልካም ድግስ› ብሎን ነው እቤትህ መጥተን ያለቀስነው። እዚህ ያሉት ይህን ማለት አልቻሉም፤ ሌላ ጥፋት የለባቸውም። እኔም ትናንት ሞክሬ አልቻልኩም።»

ወንበር የሚደረድሩት ሰዎች አንድ ነገር ጣሉ፤ አንድ ሰው ሳቀ። ኢዮስያስ «ዝም በሉ እስኪ!» ሲል ተሰማ። በር ተዘጋ።

«እኔም ‹ሠርግ› ነው ያልኩት» አለ ኢዮስያስ። «የራሴን እናት።»

ራኬብ ከዛፉ ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ እያየች ጠበቀች።

«ስሜ ነው የሚጻፈው፤ ባይመለስ እኔም እወድቃለሁ።»

«አውቃለሁ። እኔን አብረህ ጻፈኝ።»

«ለሁለት ሰው ቦታ የለውም» አለ ኢዮስያስ። ከዚያ፣ ቆይቶ፦ «ስትመለሺ ‹ሥራ› ብለሽ ተመለሺ። እንግዲህ ልኬሻለሁ።»

ቀትር ሲቃረብ ራኬብ አግዳሚው ላይ ነበረች። አማኖ መስኮቱ ሥር ቆሟል፤ ጠረጴዛውን አጽድቷል፤ የካዝናውን ቁልፍ ለሚመጡት አሻጊዎች ሊያስረክብ ፊት ለፊቱ አስቀምጦታል። ዲቦራ ወደ ውጭ ወጥታ መብራቱን አንጋጣ ታያለች።

«አማኖ!» አለች። «ጽሑፍ ወጣበት!»

ወጡ። ከቢጫው መብራት ሥር፣ በጨንቻም ሆነ በሌላ ከተማ ማንም አይቶት የማያውቅ፣ «ይቆይ — ኢዮስያስ መንገሻ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል።

«ኢዮስያስ ማነው?» አለ ከአላፊዎቹ አንዱ።

«ዘመድ ይሆናል» አለ ሌላው፤ «ለለቅሶ የመጣ»፤ መንገዱንም ቀጠለ።

አማኖ ወደ ራኬብ ዞረ። ገብቶ የካዝናውን ቁልፍ ወደ ኪሱ መለሰ፤ ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ለጥቂት ጊዜ ቆመ።

ፍራሹ የተነሣው ጉሙ ገለጥ ሲል ነበር። መጀመሪያ የጸሎቱ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ የሰዎቹ የእግር ድምፅ። ጋሽ ሻንቆ ሙዳዩን ታቅፈው ከፊት ገቡ፤ የእማማ ሶስና የልጅ ልጆች ተከተሏቸው፤ ከነሱ ኋላ ደግሞ አምባሩን ከቀርከሃው አንሥቶ እያሰረ የሚመጣው ሕዝብ ነበር። ክፍሉ ሞላ። ዲቦራ መስኮቱን በሙሉ ከፈተችው። ክዳኑ ሲነሣ ብሩ ታፍኖ የከረመ የልብስ ሣጥን ሽታ ሸተተ። ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠው አንዱን ከአንዱ እየለዩ ያስተካክሉ ጀመር።

«ቀስ በሉ፣ ይቀደዳል!»

«ይኼኛው የማን ነው? በስፌት ጠግናዋለች እኮ!»

«ሶስና ብታይ ኖሮ ሁላችሁንም ትቆጣ ነበር። ‹ይህን ሁሉ ይዛችሁ ነው የለንም ስትሉኝ የኖራችሁት?› ትል ነበር።»

ሳቁ ክፍሉን ሞላው። ዲቦራ ያስገባችውን ሁሉ የባንኩ መሣሪያ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ የሚሰማው ግን አልነበረም። ለቅሶው አልቋል፤ ሰው እንደ ልቡ መጮኽ ይችላል። አንድ ሰው ባለፈው ሳምንት ያልሸጠውን ነጠላ ዋጋ ያወራል፤ ሌላዋ ፖሟን የሚጭን መኪና ትጠይቃለች። ጋሽ ሻንቆ ከአማኖ ጋር ይከራከራሉ።

«መብራቱ ብልሽት ነው ብለኸኝ የለ? እስከ ዛሬ አላሠራኸውም?»

«እየተሠራ ነው፣ ጋሼ።»

«ሶስና በነበረች ጊዜ አንድ ቀን ተበላሽቶ አያውቅም።»

«አዎ ጋሼ።»

የደጁ ብርሃን መቼ እንደተቀየረ ማንም አላየም። ሁሉም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። ራኬብ ብቻ ከአግዳሚው ላይ ሆና በተከፈተው በር በኩል እርጥቡ ደረጃ ላይ የወደቀውን ቀለም አየች፤ አረንጓዴ ነበር። የኢዮስያስ ስም ጠፍቷል።

የአርባ ምንጩ መኪና ከገበያው ዳር ሞተሩን አስነሥቶ ይጠራል። ራኬብ ምሳ ዕቃዋን ከአግዳሚው ሥር አነሣች፤ ከትናንት ጀምሮ አልተከፈተም ነበር። ተነሣች። ቦታዋን አንዲት ሴት፣ ከጎኗ ካለችው ጋር የጀመረችውን ወሬ ሳታቋርጥ፣ ጎንበስ ብላ ተቀመጠችበት።

ከደጅ ስትደርስ አምባሯ ነዘራት።

«ያልተለመደ ጉዞ። ምክንያት ይምረጡ።»

«ሥራ» አለች ራኬብ፤ ደረጃውንም ወረደች። ከኋላዋ ዲቦራ ቀጣዩን ሰው ትጣራ ነበር።